የዳማው ዱካ

አምበር ላይ ነው አሉ። ከደጀን ተነሥቶ ሉማሜን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ሳይገባ የሚያገኛት፣ አስፋልቱ መሐል ለመሐል የሚያልፍባት ከተማ ናት። በጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጧት ጧት ጋቢ ያስደርባል። እዚያች ከተማ አንድ ባለ ጋሪ ነበረ፤ ባለ ጋሪው አንድ ፈረስ ነበረው፤ ፈረሱ መልኩ ዳማ ነውና ስሙም ዳማው ተባለ። ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቁም።

ባለ ጋሪው ቀድሞ ሰው ነበር የሚጭነው። በኋላ ባጃጅ መጣና ሰዉ ወደ ባጃጅ ሄደ። ለጋሪ የቀረው ባጃጅ የማይደፍረው መንገድና ባጃጅ የማይችለው ጭነት ሆነ፦ ከወፍጮ ቤት ዱቄት፣ ከገበያ ጤፍ፣ ከወንዝ አሸዋ። ከዱቄቱም ከጤፉም ከአሸዋውም በላይ ደግሞ ጌታው ይቀመጣል። ዳማው ይህን ሁሉ ሲጎትት ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው፣ መስከረም ጠብቶ ጭቃው መጥናት ሲጀምር፣ ማነከስ አመጣ።

መጀመሪያ ለዓይን የሚሞላ አልነበረም። ቁልቁለት ላይ ራሱን ነቀል ነቀል ያደርጋል፤ ሜዳ ሲደርስ ይተወዋል። ጥቅምት ሲገባ ግን ሜዳውም ላይ አነከሰ፤ ያነክስበት የነበረው ቁልቁለት ላይማ ቆሞ መለመን ሆነ። የሰፈር ልጆች ከኋላ እየተከተሉ አረማመዱን ያስመስሉ ጀመር። ያን ጊዜ ባለ ጋሪው ነገሩ የምር መሆኑን አወቀ።

ምክር አልጠፋም። ጎረቤቱ “ዓይን ነው፤ በቀደም ስንት ኩንታል ጭነህ ስታልፍ ያየህ ሰው አለ” አለው። ገበያ ላይ ያገኛቸው ሁለት አዋቂዎች ደግሞ ፈረሱን አስኪደው አዩና “ቀኙ ነው” አሉ። “አየህ፣ ቀኙን ባሳረፈ ቁጥር ራሱን ይጥላል። ወደሚያመው ነው የሚያጎነብስ።” የሚያሳምን ነገር ነው፤ ሰውስ ሲያመው ወዳመመው አይደል የሚያጎነብሰው? ተኳሽ ተጠራ። ማጭድ ከፍም ገብቶ ቀላ፤ ዳማው በአራት ሰው ተያዘ፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ሦስት መስመር ተሰመረ። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ሥራ ፈታ። ከሳምንቱ በኋላ ሲጠመድ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ተኳሹም ሒሳቡን ተቀብሎ ተመረቀ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያው ማነከስ ተመለሰ።

ቀጥሎ ወጌሻ መጣ። ይህኛው እጁ የተባረከ፣ የአገሬውን ወለምታ ሁሉ ሲያሽ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱን እግሮች በየተራ ዳሰሰና “የታመመው ግራው ነው፤ ቀኙን በከንቱ ፈጃችሁት” አለ። እውነቱን ነበር። ግራውን ጧትና ማታ በቅቤ አሸ። ሲያሸው ዳማው ከንፈሩን ጥሎ ያንቀላፋል፤ ሲጠመድ ያነክሳል።

ደላላው በበኩሉ “ሳይብስበት ሽጠው” አለ። ገበያ ወጣ። አንዱ ገዢ ቀርቦ የዳማውን ከንፈር ገለበና ጥርሱን ቆጠረ፤ ሌላው መጥቶ ጥርሱን ቆጠረ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ጥርሱ ደህና ነበር። ከዚያ እስኪ ይሂድ ይላሉ፤ ሲሄድ ያዩና ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ በቅሎው ተራ ያልፋሉ። ባለ ጋሪው ፈረሱን ይዞ ተመለሰ።

“ለቀንበር ጠራቢው ለምን አታሳያቸውም?” አለች ሚስቱ ያን ማታ።

“እሳቸው የበሬ ሰው ናቸው። ፈረስ ምን አገባቸው?”

“እንጃ። ቀንበር ሲጠርቡ ግን ከእንጨቱ በፊት በሬዎቹን ነው የሚያዩ።”

ይህ እውነት ነው። ሽማግሌው የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ቀንበር የሚሻ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው አሮጌውን ቀንበር ያስጠምዱና ደርሶ መልስ ያስነዳሉ፤ ራሳቸው ካብ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። አንደኛው በሬ ደከም ያለ እንደ ሆነ፣ ሞፈሩ በምራን የሚታሰርበትን ቦታ ከመሐል አንሥተው ወደ ብርቱው ጥቂት ያስጠጉታል። ሸክሙ ወደ ብርቱው ያደላል፤ ደካማው ክንዱ ረዝሞለት ይቀለዋል። ሁለት ጣት ፈቀቅ ማለት ያንን በሬ ክረምቱን ያሻግረዋል። ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ በሬዬ በረታ ብሎ ነው የሚያወራው።

ባለ ጋሪው በማግሥቱ ዳማውን ከነጋሪው እየነዳ ሄደ።

“እንዴት ዋሉ አባባ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልህ ልጄ?”

“ይህ ፈረስ ግራ የፊት እግሩ ነው። እዚህ ጋ፣ ትከሻው ላይ ይመስለኛል። ቢያዩልኝ ብዬ ነው።”

ሽማግሌው ወደተባሉት ትከሻ ዞር አላሉም። “ፍታው” አሉ። ተፈታ። “ኮርቻውንም አውርድለት።” ወረደ። “ልጓሙንም።”

“አባባ፣ ቢያመልጠኝስ?”

“በዚህ እግሩ የት ይደርሳል? ገመድ ብቻ አድርግለት።”

ጊዜው አጨዳ የደረሰበት ነውና ከቤታቸው ጓሮ ያለው አውድማ ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ከዚያ የበለጠ ልክ መሬት በአካባቢው አይገኝም። ዳማው መሐሉ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ካቡ ላይ ተቀመጡና ያዩት ጀመር።

ማየት ብቻ። ባለ ጋሪው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ከዚያ በሌላው። መንገደኛ ሰላም ብሎ አለፈ። ዶሮ አውድማውን አቋርጣ ሄደች። ዳማው መጀመሪያ ጆሮውን አቁሞ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚጠመድበት ነገር እንደሌለ ሲያውቅ ተነፈሰና በገዛ አቋሙ ቆመ። ሽማግሌው የሚጠብቁት ይህንን ነበር። ግራ የፊት እግሩን ጥቂት አስቀደመው፤ ደረቱ ወደ ግራ አጋደለ፤ አንገቱን ወደ ቀኝ መለሰ።

“የኋላውን አንዱን አጥፎ ቢቆም ዕረፍቱ ነው” አሉ ሽማግሌው፤ “የፊቱን ሲያስቀድም ግን ነገር አለው።”

ተነሥተው ባለ ጋሪውን “አራቱንም እኩል አድርገህ አቁመው” አሉት። እየገፋ እየጎተተ እኩል አቆመው። ዳማው ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆየና ያችኑ የጥንቷን አቋቋም ያዘ። “ድገመው” አሉ። ደገመው፤ ተመለሰ። “አንድ ጊዜ።” ተመለሰ። ባለ ጋሪው ተናደደና ሊመታው እጁን አነሣ።

“ተወው። አንተ ስታቀናው ነው የሚያመው።”

ከዚያ ዙሪያውን ሄዱ። በግራ ጎኑ ቆመው ያዩት ፈረስ ትከሻው የሞላ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ለሰልፍ የሚበቃ ፈረስ ነው። በቀኝ ጎኑ ዞረው ያዩት ሌላ ፈረስ ነው፤ ከትከሻው ወደ ኋላ፣ ኮርቻ ከሚያርፍበት ላይ፣ መዳፍ የሚያስቀምጥ ጎድጓድ ገብቷል። ከኋላ ሲያዩት ሁለቱ የዳሌ ጫፎች አይተካከሉም፤ ቀኙ ዝቅ ብሏል፤ ጭራውም መሐሉን ትቶ ወደ አንድ ወገን ይንጠለጠላል። ከፊት ሰኮናዎቹን አዩ። ግራው ሰፍቶ ተንጣሏል፤ ቀኙ ጠቦ ቀጥ ብሏል። መጨረሻ ካቡ ላይ ወጥተው ቆሙና ከጭራው በኩል ጀርባውን ቁልቁል ተመለከቱ። ከላይ ሲታይ አከርካሪው ከትከሻው ሲደርስ ወደ ግራ ይሸሻል።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጃቸው ፈረሱን አልነካም።

“አንቺ” አሉ የልጅ ልጃቸውን፣ “ከምድጃው አመድ በሰፌድ አምጪ።”

ልጅቷ አመጣች፤ አውድማው ላይ ስስ አድርገው በተኑት። ዳማው በገመድ እየተሳበ በአመዱ ላይ አለፈ። ሽማግሌው አጎንብሰው ዱካውን አነበቡ። በግራ በኩል የኋላው ሰኮና የፊቱን ዱካ ረግጦ ያልፋል። በቀኝ በኩል የኋላው ሳይደርስበት በአጭር ይቀራል። የግራ ፊቱ አመዱን እስከ እበቱ ፍቆታል፤ የቀኝ ፊቱ ገና ለስሙ ነው የነካው።

አሁን እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት መዳፋቸውን በአንገቱ ግራና ቀኝ አኖሩና፣ ሳይጫኑ፣ እኩል እኩል ወደ ኋላ አወረዱ። ዓይናቸው ግን መዳፋቸው ላይ አልነበረም፤ የዳማውን ጆሮ ነበር የሚያዩት። አንገቱ ላይ ምንም የለ። ትከሻው ላይ፣ የተተኮሰው ጠባሳ ጋ፣ ጥቂት ቆም አሉ፤ ምንም አላሉም። ቀኝ እጃቸው ከጎድጓዱ ሲደርስ ቆዳው ዝንብ እንዳረፈበት ተርገፈገፈ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ፣ ትንፋሹ ቆመ። ግራ እጃቸው በዚያው አንጻር ምንም አላገኘም። ወጌሻው ሦስት ቀን ያሸው ትከሻ ከዚህ ቦታ ሁለት ክንድ አይርቅም።

ሽማግሌው ፈረሱን ተዉትና ወደ ጋሪው ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ ሦስት አራት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌው የዳማውን ኮርቻ አንሥተው ገለበጡና ከሥሩ የሚነጠፈውን ጆንያ ይዳብሱ ጀመር። አንዱ ሳቅ አለና “በቅሎ የጠፋበት ኮርቻ ገልቦ ያያል አሉ” አለ። ሌሎቹም ሳቁ።

“በቅሎይቱ የጠፋችው ከኮርቻው ሥር እንደ ሆነስ?” አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ።

የጆንያው ቀኝ ወገን ተጠፍጥፎ እንጨት ሆኗል። የግራው ገና ይነፋል። ሽማግሌው ያንን አስቀምጠው አንድ ምራን ከግድግዳ አወረዱ። በግራው ጎማ ዙሪያ ጠመጠሙና ጫፍ ለጫፍ የገጠመበትን በጥፍራቸው ያዙ። ያንኑ ምራን ወስደው በቀኙ ጎማ ላይ ጠመጠሙት። ምራኑ ተረፈ። የተረፈውን በእጃቸው ለኩት፤ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

“ይህን ጎማ መቼ ነው የለወጥኸው?”

ባለ ጋሪው አሰበ። “ፈንድቶብኝ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምት መግቢያ ላይ። ልኩ ተወዶ ነበርና ያገኘሁትን አስገባሁ።” ከዚያ ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ “ግን አባባ፣ ያነሰው የቀኙ ጎማ ነው። ቀኝ ጀርባው ነው ተጨፈለቀ የሚሉኝ። የሚያነክሰው ግራ እግሩ ነው!”

“አዎ” አሉ ሽማግሌው። “ቀኙ ሸሸ፤ ግራው ተሸከመ። የሸሸው አላነከሰም።”

ሰዎቹ ዝም አሉ። አንዱ የተተኮሰውን ትከሻ አየና ዓይኑን መለሰ።

“ጋሪውን እዚሁ ተወው። ለአንድ ወር አይጠመድ። በየቀኑ ልክ መሬት ላይ ባዶውን አስኪደው። ሁልጊዜ በግራው ሆነህ ነው የምትስበው፤ አንድ ቀን በግራ አንድ ቀን በቀኝ ሁን። ስታዞረውም እንዲሁ። ጆንያውን እንደ አዲስ ሙላው። ጎማውን ደግሞ አንተ ታውቃለህ።” ከዚያ ወደ አመዱ አመለከቱ። “አሁን አንተ እለፍበት።”

“እኔ?”

“አንተ።”

ባለ ጋሪው ሳቀ። “እኔ ደህና ነኝ አባባ” አለና ፈረሱን ይዞ በአውድማው ዳር ዳር፣ አመዱን ሳይነካ ሄደ። ልጅቷ ከኋላው ተመለከተችና አፏን በእጇ ያዘች።

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ነገራት። “እኔማ አይቸዋለሁ” አለች። “ጆንያውን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ላቡ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው።”

“ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?”

“መቼ ጠየቅኸኝ?”

ወሩን በምን እንደ በሉት ብዙ አይወራም። ዶሮዎች ተሸጡ፤ ጠላ ተጠመቀ። የተመሳሰሉ ሁለት ጎማዎች በዱቤ ተገኙ። ወሩ ሲሞላ ዳማው በተቃናው ጋሪ፣ በአዲሱ ጆንያ ተጠመደ። ሲሄድ ግን ከቀድሞው ባሰ፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የጠፋው መሰለ። ባለ ጋሪው እየተራገመ ወደ ሽማግሌው ሮጠ።

“ጎማው እኩል ነው! ለክቸዋለሁ!”

“ጎማውስ እኩል ነው። ጀርባው ግን ገና አሮጌውን ጎማ እየጎተተ ነው። በባዶ ጋሪ ጀምርለት። ሲላመድ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ።”

ጀመረ። ጥር ላይ ማነከሱ ቀነሰ። ፋሲካ ላይ ጎድጓዱ ሥጋ መያዝ ጀመረ። ሰኮናው እስኪስተካከል ግን ክረምቱ ወጣ፤ ሰኮና በወር ከአንድ ሣንቲሜትር ያልበለጠ ነውና የሚያድግ፣ የፊቱ ጫፍ ፈጽሞ እስኪታደስ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በተከታዩ መስከረም ዳማው አሸዋ ጭኖ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ከኋላው የሚከተል ልጅ አልነበረም።

“ምን አድርገህ አዳንኸው?” ይሉታል ሰዎች።

ባለ ጋሪው ቀኝ ትከሻው ላይ ያለውን ሦስት መስመር ጠባሳ ያሳያል። “አስተኮስሁት” ይላል። “ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚሠራ።”

ይህንን የሰማ አንድ ገበሬ ቀንበር ሊያስጠርብ ሄዶ ለሽማግሌው ነገራቸው።

“ዳነ?” አሉ።

“ድኗል።”

“ሁለቱ ጎማዎች እኩል ናቸው?”

“እኩል ናቸው።”

“እንግዲያው ተኳሹን እግዜር ይስጠው” አሉና ወደ በሬዎቹ ዞሩ።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ሰዎቹን የፈጠርናቸው እኛ ነን፤ ፈረሱን ግን ከነገላው እንዳለ ነው የወሰድነው።

ሰው ከአንገቱ ሥር በጣት የሚዳሰስ፣ ትከሻን ከደረት የሚያያይዝ አጥንት አለው። ፈረስ ያ አጥንት የለውም። ደረቱ በሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ከክብደቱም ከ100 እጅ 60 ያህሉን የሚሸከሙት እነዚያው የፊቶቹ ናቸው። እንግዲህ አንድ ወገን ሲቆረቁረው ደረቱን ወደ ሌላው ወገን ማሸሽ አይቸግረውም። ይሸሻል፤ ለጊዜውም ይድናል። ዋጋውን የሚከፍለው ቆይቶ፣ ምናልባትም በሌላ ጥግ ባለ እግር ነው። ሁለቱ የገበያ አዋቂዎች የተሳሳቱትም ከዚሁ የተነሣ ነው፦ የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ሽቅብ ያነሣል፣ ክብደቱን ሊያቀልለት፤ ራሱን የሚጥለው ጤነኛው ሲያርፍ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ከሚማሩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከማጭዱ በፊት አንድ ሰው ቢያስታውሰው ኖሮ ቢያንስ ቀኙ ትከሻ በተረፈ ነበር።

በሌላው ዓለም የፈረስን ገላ ማሸት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የሠለጠነው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው እንደ ሽማግሌው ነው፦ ልክ መሬት ይፈልጋል፣ ፈረሱን ያራቁታል፣ ይርቃል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከኋላ በርጩማ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ቁልቁል ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መዳፉን የሚያኖረው። ጨርሶ እኩል የሆነ ፈረስ ሊያገኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፈረስ የለም። እያንዳንዱ የሚቀናው ወገን አለው። የሚፈልገው ከፈረሱ ጋር ያልተወለደውን ነው፤ ለዚህም ነው የሽማግሌው ጥያቄ “ምን ሆነ?” ሳይሆን “መቼ ለወጥኸው?” የሆነው።

እኛ አገር ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆን ፈረስ አለ። ስንቱ በልክ መሬት ላይ፣ ያለ ኮርቻና ያለ ጋሪ፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ታይቶ ያውቃል? ፈረስ የምንጠላ ሕዝብ ሆነን አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ ጌታው በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረበት አገር ነው። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቹን ሲያወጣ ያየ ሰው፣ ፈረስ በዚህ አገር ምን ያህል እንደሚወደድ ምስክር አያሻውም። ግን ያን ቀን የሚታየው ከነጌጡ ነው፤ ጌጡ ደግሞ የሚሸፍነው ጀርባውን ነው። ስማቸው አንድ የሆነው ጌታና ፈረስ በአንድ አመድ ላይ ቢያልፉ ዱካቸው ምን ይመስል እንደ ነበር የጻፈ አላገኘንም።

ዜኖፎን የተባለው የግሪክ የጦር ሰው ከ2,300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ስለ ፈረስ አገዛዝ ሲጽፍ ከሰኮና ጀምሮ ሽቅብ ወጣ። የእኛ ደላላ ከአፍ ይጀምራል። ጥርስ ዕድሜን ይናገራልና ዋጋ ለመቁረጥ ይመቻል፤ እሱን ገዢው ቆጥሮ እስኪጨርስ ፈረሱ አንድ ቦታ ቆሞ ይቆያል። ቦታውን የመረጠው ደግሞ ደላላው ነው። ብልሁ ደላላ ፈረሱን ልክ መሬት ላይ አያቆምም፤ ጥቂት ያዘቀዘቀ ቦታ ፈልጎ ዝቅ ያለውን ዳሌ በዳገቱ በኩል ያደርገዋል፣ ሁለቱ ጫፎች ተካክለው ይታያሉ። አንዳንዴ “እስኪ ወደዚያ ወደ ሜዳው አውጣልኝ” የሚል ገዢ ይመጣል። ደላላው እጁን ዘርግቶ “ጌታዬ፣ የሚገዙት ፈረሱን ነው ወይስ መሬቱን?” ይለዋል። ገዢው ከሳቀ ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው።